ሁለት ቤት ያለው ልጅ

በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ስለ ጉዲፈቻ የሚደነግገው ከአንቀጽ 180 እስከ 196 ባሉት ጥቂት ገጾች ነው። አንቀጽ 181 የጉዲፈቻ ልጅ በማናቸውም ረገድ እንደ አሳዳጊው ልጅ እንደሚቆጠር ይናገራል፤ ይህን ሁሉም ሰው ይጠብቀዋል። አለፍ ብሎ የሚመጣው አንቀጽ 183 ግን ብዙዎችን ያስገርማል። ልጁ ከተወለደበት ቤተሰብ ጋር ያለው ዝምድና እንደጸና ይቆያል ይላል። ከሁለቱ ቤተሰቦች አንዱን መምረጥ ግድ የሚሆንበት ጉዳይ ሲመጣ የጉዲፈቻው ቤተሰብ ይቀድማል፤ ከዚያ በቀር ልጁ የሁለቱም ነው።

ይህን አንቀጽ ልጅ ለማሳደግ ላሰቡ ሰዎች ባነበብኩላቸው ቁጥር የሚከተለው ጥያቄ አንድ ነው፤ «ታዲያ የወለዱት መጥተው ሊወስዱት ነው?» አይችሉም። ፍርድ ቤት ያጸደቀው ጉዲፈቻ ወላጅ ስለተጸጸተ አይፈርስም፤ አሳዳጊ ስለተጸጸተም አይፈርስም። ልጁን የማሳደግ ሥልጣንም ኃላፊነትም የአዲሱ ቤት ነው። ጥያቄውን የሚወልደው ፍርሃት ግን በቁም ነገር ሊታይ ይገባዋል። በከተማ የምንኖር ሰዎች ስለ ጉዲፈቻ ያለን ሥዕል የመቁረጥ ሥዕል ሆኗል፤ የቀድሞ ስም ይጠፋል፣ የቀድሞ ሰው ይረሳል፣ ልጁ ከኛ ቤት እንደተወለደ ተደርጎ ይወራል። ይህ ሥዕል ከሕጋችን የተቀዳ አይደለም፤ ከአባቶቻችን ልማድም አልመጣም።

ስለዚህ የጉዲፈቻን ዓይነቶች በዚህ ምዕራፍ የማያቸው በአንድ ጥያቄ ነው፤ ልጁ አዲስ ቤት ሲያገኝ የመጀመሪያው ቤቱ ምን ይሆናል? በየደረጃው የሚያግዙት መሥሪያ ቤቶችና ድርጅቶችስ ያንን ዝምድና ይጠብቁታል ወይስ ይበጥሱታል?

ከሕጉ በፊት የነበረው

ጉዲፈቻን ስሙንም ሥርዓቱንም ያገኘነው ከኦሮሞ ሕዝብ ነው። በሽማግሌዎችና በዘመድ አዝማድ ፊት የሚፈጸም ሥርዓት ነው። ልጅ ያልወለዱ ባልና ሚስት፣ ወይም ወንድ ወልደው ሴት ያጡ፣ ሴት ወልደው ወንድ ያጡ ሰዎች ልጅ ይጠይቃሉ፤ ወላጆች በይፋ ይሰጣሉ፤ ተቀባዮቹም እንደ አብራካቸው ክፋይ ሊያሳድጉትና ሊያወርሱት ቃል ይገባሉ። ከዚያ ቀን በኋላ ልጁን ከሌሎቹ ለይቶ ማየት ነውር ነው። ሥርዓቱ በአደባባይ ስለሚፈጸም አገር ያውቀዋል፣ ሽማግሌ ይመሰክረዋል፣ ልጁን የበደለ ሰው የሚጠይቀው አለ። ሰጪና ተቀባይም አብዛኛውን ጊዜ ይተዋወቃሉ፤ ዘመዳሞች ወይም ጎረቤታሞች ናቸው። ልጁ ማን እንደወለደው እያወቀ፣ ማን እንዳሳደገው እያየ ያድጋል።

በሰሜኑ የአገራችን ክፍል የጡት ልጅ የሚባል ልማድ ነበር። ሊጠጋ የፈለገ ሰው፣ አዋቂም ቢሆን፣ ከባለ ኃይሉ ጡት ወይም ጣት ላይ የተቀባ ማር ይልስና ከዚያ ቀን ጀምሮ የጡት ልጅ ይሆናል። ዓላማው ጥበቃና ወዳጅነት ስለነበረ ከዛሬው ጉዲፈቻ ጋር አንድ አናደርገውም። ያም ሆኖ ሥጋ ያላገናኛቸው ሰዎች በሥርዓትና በምስክር አባትና ልጅ መሆን እንደሚችሉ፣ የወለደው አባትም በዚህ ምክንያት አባትነቱን እንደማያጣ ያሳያል።

በሙስሊም ቤተሰቦች ዘንድ ደግሞ የቲምን (ወላጅ አልባ ልጅን) ማሳደግ ታላቅ ምንዳ ያለው ሥራ ነው። የዘር ሐረግ ግን አይለወጥም። ልጁ በወለደው አባቱ ስም ይጠራል፤ አሳዳጊው እንክብካቤውን፣ ትምህርቱን፣ ፍቅሩን ይሰጣል። ካፋላ የሚባለው ይህ አያያዝ በተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽን አንቀጽ 20 ላይ በስሙ ተጠቅሶ ከጉዲፈቻ ጎን ተቀምጧል። አንድ ሙስሊም ጎረቤት «ልጁን አሳድጋለሁ፤ ስሙን ግን አልለውጥም» ቢል ፍቅሩ ጎድሎ አይደለም፤ ሃይማኖቱ የልጁን ትውልድ እንዲጠብቅ ስላዘዘው ነው።

እነዚህን ልማዶች ሳስቀምጥ አንቀጽ 183 እንግዳ አይሆንብኝም። ሕጉ የተናገረው አገሩ የሚያውቀውን ነው።

ባሕር የተሻገሩት

ዛሬ በኒው ዮርክ ስመ ጥር የሆነው ሼፍ ማርከስ ሳሙኤልሰን ሲወለድ ስሙ ካሳሁን ጽጌ ነበር። በሕፃንነቱ እሱ፣ እኅቱና እናቱ በሳንባ ነቀርሳ ታመሙ። እናቱ ሁለቱን ልጆች ይዛ በእግሯ አዲስ አበባ ድረስ መጣች። እሷ ሞተች፤ ልጆቹ ተረፉ። በስዊድን የጎተንበርግ ነዋሪ የሆኑ ባልና ሚስት በጉዲፈቻ ወስደው በፍቅር አሳደጓቸው። ልጆቹ አባታቸውም እንደሞተ ያምኑ ነበር። ካደጉ በኋላ ግን በሕይወት እንዳለ ታወቀ፤ ሌሎች ልጆችም ነበሩት። ማርከስ ይህን ሁሉ እ.ኤ.አ. በ2012 ባሳተመው የሕይወት ታሪኩ ጽፎታል። አሳዳጊዎቹን የሚወድ፣ በሥራው የተሳካለት ሰው ነው። ያም ሆኖ አባቱ እያለ አባት እንደሌለው ሆኖ ነው ያደገው፤ ይህ የሆነው በአንድ ወቅት አንድ መረጃ ስላልተጠየቀ፣ ወይም ስላልተመዘገበ ይመስለኛል።

በሺህ የሚቆጠሩ ልጆች የሄዱት ግን ከዚያ ብዙ ዘግይቶ ነው። ኤች አይ ቪ ወላጆችን በገደለበት፣ ድህነት ብዙ ቤት ባንኳኳበት ዘመን አሜሪካውያንና አውሮፓውያን ፊታቸውን ወደ ኢትዮጵያ አዞሩ። እ.ኤ.አ. በ2005 ተዋናይት አንጀሊና ጆሊ ከኢትዮጵያ ሕፃን መውሰዷም ወሬውን በዓለም አዳረሰው። እ.ኤ.አ. በ2010 ወደ አሜሪካ ብቻ በአንድ ዓመት ከ2,500 በላይ ልጆች ሄዱ፤ በዚያ ዓመት ለአሜሪካ ቤተሰቦች ከኢትዮጵያ የበለጠ ልጅ የሰጠችው ቻይና ብቻ ነበረች። እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ የውጭ ጉዲፈቻ እስከታገደበት ጊዜ ድረስ ወደዚያች አገር የሄዱት ከ15,000 በላይ ናቸው።

እዚህ ላይ ሁለት የማይተዋወቁ የጉዲፈቻ ሐሳቦች በአንድ ወረቀት ላይ ተገናኙ። በአሜሪካ ሕግ ጉዲፈቻ ሲጸድቅ ከወለደው ቤተሰብ ጋር ያለው ሕጋዊ ዝምድና ፈጽሞ ይቋረጣል፤ አዲስ የልደት ምስክር ወረቀት ይወጣል፤ በብዙ ግዛቶች የመጀመሪያው ወረቀት ታሽጎ ይቀመጣል። (ፈረንሳይ በተለየ መንገድ ሁለት ዓይነት ጉዲፈቻ አላት፤ አንዱ ዝምድናን የሚቆርጥ ሙሉ ጉዲፈቻ፣ ሌላው የማይቆርጥ ቀላል ጉዲፈቻ ነው። የኛው ለሁለተኛው ይቀርባል።) በደቡብ ኢትዮጵያ ገጠር የምትኖር እናት ግን ስለ ጉዲፈቻ የምታውቀው ከአያቶቿ የሰማችውን ነው። ልጇን ለደኅና ሰው አደራ ሰጥታ፣ ልጁ ተምሮ፣ ሰው ሆኖ፣ አንድ ቀን እንደሚመለስ ታስባለች። ወረቀቱ ላይ የጣት አሻራዋን ስታሳርፍ ለዘላለም እናትነቷን በሕግ መተዋ እንደሆነ የነገራት ሰው አለ? በቋንቋዋ ነው የነገራት? ጊዜ ሰጥቷታል?

የአሜሪካ የኢሚግሬሽን ሕግ ደግሞ ነገሩን አወሳሰበው። በዚያ ሕግ ወላጅ አልባ ለመባል ሁለቱንም ወላጅ ማጣት ግድ አይደለም። አንድ ወላጅ ብቻ ቀርታ እሷም ማሳደግ የማትችል ከሆነችና በማይሻር ፈቃድ ከሰጠችው፣ ልጁ ወላጅ አልባ ተብሎ ቪዛ ያገኛል። በዚህ መንገድ እናታቸው በሕይወት ያለች፣ ችግሯም ገንዘብ ብቻ የሆነ ብዙ ልጆች ሄዱ። አንድ ቤተሰብ ለአንድ ልጅ በአሥር ሺህዎች የሚቆጠር ዶላር ይከፍላል። ከዚያ ገንዘብ ጥቂቱ ለእናቲቱ ላም ቢገዛላት ወይም ለጉሊት መነሻ ቢሆናት ልጁ ከቤቱ ባልወጣ ነበር። ይህን ሳስብ እስከ ዛሬ ልቤ ያዝናል።

ገንዘቡ ያመጣው ሌላም ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ2014 የአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር መቀመጫው ሳውዝ ካሮላይና የሆነ የአንድ ኤጀንሲ ሠራተኞችን ከኢትዮጵያ ጉዲፈቻ ጋር በተያያዘ ከሰሰ። ክሱ እንደሚለው ማሳደጊያዎች ተከፍሏቸው፣ በእጃቸው ያላደጉ ልጆችን እንዳሳደጉ አድርገው የጉዲፈቻ ውል ፈርመዋል። የኛ ሕግ አንቀጽ 192 ማሳደጊያ ልጅ ለጉዲፈቻ ከመስጠቱ በፊት የልጁን ማንነትና እንዴት እንደተቀበለው ለሚመለከተው የመንግሥት አካል እንዲያሳውቅ ያዛል። ውሸቱ የገባው በዚችው ቀዳዳ ነው። የልጁ ታሪክ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ሐሰት ከተጻፈ በኋላ የሚመጣው ፍርድ ቤት፣ የሚመጣው ኤምባሲ፣ ልጁን በቅን ልብ የሚወስደው ቤተሰብ ሳይቀር በዚያው ሐሰት ላይ ይሠራል።

መንግሥት በ2003 ዓ.ም. በቀን የሚታዩትን የውጭ ጉዲፈቻ ጉዳዮች ወደ 5 ዝቅ አደረገ፤ ከዚያ በፊት በቀን እስከ 50 ይደርሱ ነበር። በዚያው ዓመት በዋሽንግተን ግዛት አንዲት ከኢትዮጵያ የሄደች ታዳጊ በአሳዳጊዎቿ ግቢ በረሃብና በብርድ ሞተች፤ አሳዳጊዎቿ እ.ኤ.አ. በ2013 ጥፋተኛ ተባሉ። ይህ ሞት በአገር ቤት የፈጠረው ሐዘንና ቁጣ ትልቅ ነበር። አሳዳጊዎች ልጁ 18 ዓመት እስኪሞላው የክትትል ሪፖርት ለኢትዮጵያ እንዲልኩ ይጠበቅባቸው ነበር፤ በመጀመሪያው ዓመት በ3፣ በ6 እና በ12 ወር፣ ከዚያ በየዓመቱ። ሪፖርት የሚጽፈው ግን ራሱ አሳዳጊው ወይም የእሱ ኤጀንሲ ነው።

በሚያዝያ 2009 ዓ.ም. የውጭ ጉዲፈቻ ታገደ። በጥር 2010 ዓ.ም. ፓርላማው የቤተሰብ ሕጉን ለማሻሻል ባወጣው አዋጅ ቁጥር 1070 ስለ ውጭ አገር ዜጎች የሚናገረውን አንቀጽ 193 ከሕጉ አስወጣው። እውነቱን ለመናገር፣ በውጭ አገር በፍቅር ያደጉ፣ አሳዳጊዎቻቸው አማርኛ ተምረው፣ አዲስ ዓመትንና ገናን አብረዋቸው ያከበሩላቸው፣ ከወላጅ እናታቸው ጋር ያገናኟቸው ልጆች ብዙ ናቸው። በሕሊና የሠሩ ኤጀንሲዎችም ነበሩ። በእገዳው እስማማለሁ፤ ያ ዘመን በነበረበት መልክ መቀጠል አይገባውም ነበር። ነገር ግን ወደ ውጭ የሚወስደው በር ሲዘጋ በማሳደጊያ የቀሩት ልጆች እዚያው ናቸው፤ ለእነሱ በአገር ውስጥ ቤተሰብ መፈለግ ከዚያ በኋላ የኛ ሥራ ሆነ።

ዛሬ በአገር ውስጥ ያሉት መንገዶች

ኢትዮጵያ በ2001 ዓ.ም. ያወጣችው የአማራጭ የሕፃናት ክብካቤ መመሪያ ቅደም ተከተሉን ያስቀምጣል። መጀመሪያ ልጁ ከቤተሰቡ እንዳይለይ መርዳት፣ ከተለየም መልሶ ማቀላቀል ነው። ያ ካልሆነ ዘመድ፣ የአደራ ቤተሰብ፣ ጉዲፈቻ ይታያል። ማሳደጊያ የመጨረሻው ነው።

ማሳደጊያ መጨረሻ የሚሆንበት ምክንያት በሳይንስ ተፈትኗል። እ.ኤ.አ. በ2000 በሩማንያ ዋና ከተማ ቡካሬስት የተጀመረ ጥናት በማሳደጊያ የነበሩ 136 ሕፃናትን ይዞ ግማሾቹን በዕጣ ወደ አደራ ቤተሰብ አዛወረ። ወደ ቤተሰብ የገቡት ሕፃናት በአእምሮ ዕድገት፣ በንግግርና ከሰው ጋር በመተሳሰር የተሻሉ ሆነው ተገኙ። ከሁለት ዓመት ዕድሜያቸው በፊት የገቡት ደግሞ ይበልጥ ተጠቀሙ። ሕፃን ወተትና ንጹሕ አልጋ ቢያገኝም፣ በየፈረቃው የምትለዋወጥ ሞግዚት የሱ ሰው አትሆንለትም። ይህን ስል በማሳደጊያ ውስጥ ዕድሜያቸውን የሰጡትን ሰዎች ማሳነሴ አይደለም። አበበች ጎበና በ1972 ዓ.ም. ወደ ግሸን ማርያም ሲሄዱ በወሎ ረሃብ የሞተች እናት ጡት ላይ የተኛች ሕፃን አግኝተው ይዘው ተመለሱ፤ ትዳራቸው እስኪፈርስ ድረስ ልጆችን ሰበሰቡ፤ በ2013 ዓ.ም. እስካረፉበት ጊዜም ከሥራው አልተለዩም። ማንም ባልነበረበት ሰዓት እሳቸው ነበሩ። የእሳቸው ዓይነት ሰው የጀመረው ቤት ራሱ ዛሬ ልጅን ወደ ቤተሰብ የሚያሻግር ድልድይ ሊሆን ይችላል።

ከሁሉም በላይ ልጅ የሚያሳድገው ዘመድ ነው። አክስት፣ አያት፣ ታላቅ እኅት፣ አጎት። ይህ አያያዝ በየትኛውም ፍርድ ቤት አይመዘገብም፤ ማንም ፈቃድ አይጠይቅበትም። አያቷ ጋር ያደገች ልጅ ቋንቋዋን፣ ሃይማኖቷን፣ የአባቷን መቃብር አታጣም። የዚያኑ ያህል ግን አደጋም አለው። ከገጠር «አክስቷ ጋር ትማር» ተብላ ወደ ከተማ የመጣች ልጅ እንጀራ ጋጋሪ፣ ልብስ አጣቢ፣ ሕፃን አዛይ ሆና የምትቀርበትን ቤት ሁላችንም እናውቃለን። የቤቱ ልጆች በጠዋት ዩኒፎርም ለብሰው ሲወጡ እሷ ማታ ትማራለች፤ አንዳንዴም አትማርም። እንግዳ ሲመጣ «የወንድሜ ልጅ ናት» ትባላለች። ሕጉ ይህን አስቀድሞ አይቶታል። አንቀጽ 195 ጉዲፈቻ በማናቸውም ምክንያት አይፈርስም ካለ በኋላ እንዲፈርስ የሚፈቅደው አሳዳጊው ልጁን እንደ ባሪያ ወይም ባርነት በሚመስል ሁኔታ ከያዘው፣ ለጥቅሙ ሲል ከሥነ ምግባር ውጭ በሆነ ሥራ ካሰማራው፣ ወይም የወደፊት ሕይወቱን በሚጎዳ መንገድ ካሳደገው ነው። ያኔ ልጁ ራሱ ወይም ጉዳዩ የሚመለከተው አካል አቤት ሊል ይችላል። በዘመድ ቤት ያለችው ልጅ ግን ውል ስለሌላት የሚፈርስላት ነገርም የለም። ለዚህ ነው ዘመድ ልጅ ሲያሳድግ በወረዳው የሴቶችና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት እንዲታወቅ ማድረግ፣ ቋሚ ከሆነም ጉዲፈቻውን በፍርድ ቤት ማጽደቅ ይጠቅማል የምለው።

የአደራ ቤተሰብ ለጊዜው ነው። ወላጅ ስትታመም፣ ስትታሰር፣ ወይም የልጁ ዘመድ እየተፈለገ ሳለ ልጁ በተመረጠና በሠለጠነ ቤተሰብ ውስጥ ይቆያል፤ ድርጅቱ ወጪውን ይደግፋል፣ ይከታተላል። ለአሳዳጊዎቹ ከባድ ነው፤ የለመዱትን ልጅ መልሶ መስጠት አለ። የእንጀራ ልጅን በጉዲፈቻ መውሰድ በአንጻሩ ቀላሉ ነው፤ ባለ ትዳር ሰው ብቻውን ጉዲፈቻ ማድረግ ባይችልም የትዳር ጓደኛውን ልጅ ለመውሰድ ግን ሕጉ ይፈቅድለታል። ገና ያልተወለደ ልጅም በጉዲፈቻ ሊሰጥ ይችላል። እናቲቱ ግን ልጁን ከወለደች በኋላ እስከ 6 ወር ድረስ ሐሳቧን ለውጣ ልታስቀረው ትችላለች። ይህን አንቀጽ 187 እወደዋለሁ፤ የተጨነቀች እናት በወሊድ ማግስት የምትሰጠው ፈቃድ የመጨረሻ ቃሏ ላይሆን እንደሚችል ተረድቶ የተጻፈ ነው።

ማመልከቻው ከገባ በኋላ

ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ላይ መንግሥት ወላጅ ላጡ ልጆች ልዩ ጥበቃ እንዲያደርግ፣ በጉዲፈቻ የሚያድጉበትን መንገድ የሚያመቻቹ ተቋማት እንዲቋቋሙም እንዲያበረታታ ይላል። ከዚህ በታች ያለው አገልግሎት ሁሉ የዚያ ዝርዝር ነው።

አዲስ አበባ ውስጥ ተጥለው የተገኙ ወይም ወላጅ ያጡ ሕፃናት እንደ ክበበ ፀሐይ ባሉ የመንግሥት ማሳደጊያዎች ይቆያሉ። ጉዲፈቻ የሚፈልጉ ሰዎች የሚያመለክቱት በሴቶች፣ ሕፃናትና ማኅበራዊ ጉዳይ ቢሮ በኩል ነው። አመልካቹ ቢያንስ 25 ዓመት ሊሞላው ይገባል፤ ባልና ሚስት አብረው ከሆኑ ከሁለቱ የአንዱ 25 መሙላት ይበቃል። የራሱ ልጆች መኖራቸው አይከለክለውም። ወረቀቶቹ የተለመዱት ናቸው፤ የጋብቻ ምስክር ወረቀት፣ የነዋሪነት መታወቂያ፣ የጤና ምርመራ፣ የገቢ ማስረጃ፣ ከወንጀል ነጻ መሆንን የሚያሳይ የፖሊስ ማስረጃ።

ወረቀት የማያሳየውን ለማየት ማኅበራዊ ሠራተኛዋ ቤት ትመጣለች። ሰዎች ይህን ጉብኝት እንደ ፍተሻ ይፈሩታል፤ ቤቱን ያጸዳሉ፣ ቡና ያፈላሉ፣ ዶሮ የሚሠሩም አሉ። የምትፈልገው ግን ንጹሕ ሳሎን አይደለም። ባልና ሚስት ለብቻ ለብቻ ሲጠየቁ ምን ይላሉ? ልጁን የፈለገው ማን ነው፣ እሷ ናት ወይስ ምራቷን «መካን» ያለችው አማት? አስቀድመው የወለዱ ከሆነ ልጆቻቸው ስለ አዲሱ ልጅ ምን ሰምተዋል? ልጁ አልጋ ላይ ቢሸና፣ ለወራት ባይናገር፣ ምግብ ቢደብቅ ምን ያደርጋሉ? ዘመድ አዝማዱስ ይቀበለዋል? ይህ የመጨረሻው ጥያቄ የስሜት ብቻ አይደለም። በአንቀጽ 182 መሠረት ጉዲፈቻውን በግልጽ የተቃወሙ የአሳዳጊው ወላጆችና የጎን ዘመዶች ላይ ጉዲፈቻው ውጤት የለውም። ለልጁ አያት የሚሆነው ሰው «እኔን አይመለከተኝም» ብሎ በሕግ ሊቆም ይችላል ማለት ነው።

ከዚያ ማዛመድ ይመጣል። እዚህ ላይ እስካሁን የምናያት ችግር አለች፤ አብዛኛው አመልካች የሚጠይቀው ጤነኛ የሆነች አራስ ሕፃን ነው። የ6 ዓመት ልጅ፣ እኅትና ወንድም አብረው፣ አካል ጉዳት ያለበት ልጅ ሲሆን ጠያቂው ይሳሳል። ጥሩ ድርጅት አመልካቹን አስቀምጦ ያስተምረዋል፤ ትልቅ ልጅ የሚያውቀው ነገር ስላለ አይወድም ማለት እንዳልሆነ፣ እኅትን ከወንድም መለየት ሁለተኛ ሐዘን እንደሆነ ይነግረዋል። ውሉ ከልጁ አሳዳሪ (በሕግ ከሚጠብቀው ሰው) ወይም ከማሳደጊያው ጋር ተፈርሞ ወደ ፍርድ ቤት ይሄዳል። ዳኛው ልጁ ለመናገር የሚችል ከሆነ ሐሳቡን ይሰማል፤ አሳዳጊው እንደ ራሱ ልጅ ሊያሳድገው መቻሉን ይመረምራል። ወላጆች በሕይወት ካሉና የሚታወቁ ከሆነ የሁለቱም ፈቃድ ያስፈልጋል። ጉዲፈቻው ሲጸድቅ እንደ ልደትና ጋብቻ በወሳኝ ኩነት ይመዘገባል።

አብዛኛው ድጋፍ የሚያበቃው እዚህ ነው፤ ከባዱ የሚጀምረውም እዚሁ። ልጁ በመጀመሪያዎቹ ወራት አሳዳጊዎቹን ይፈትናል፤ በእርግጥ አይመልሱኝም ወይ ብሎ ነው። አንዳንድ እናቶች ልጁን ለመውደድ ጊዜ ስለወሰደባቸው በኀፍረት ይሠቃያሉ። ደውለው የሚያማክሩት ማኅበራዊ ሠራተኛ ካለ፣ ሌሎች አሳዳጊዎችን የሚያገኙበት ስብሰባ ካለ ብዙ ነገር ይቃለላል። ድርጅት የሚመርጥ ሰው «ከፍርድ ቤቱ በኋላ ምን ታደርጉልናላችሁ?» ብሎ ቢጠይቅ መልሱ ስለ ድርጅቱ ብዙ ይነግረዋል።

ፋይሉ

አሁን ቤተሰቦች ጉዲፈቻን ወደሚደብቁበት ምስጢር ልምጣ። እርጉዝ መስለው ሰፈር የሚቀይሩ ሴቶች አሉ። ልጁ እውነቱን እንዳይሰማ ከዘመድ የሚርቁ ቤተሰቦች አሉ። ምክንያታቸው ፍቅር እንደሆነ አውቃለሁ። መካን መባል በአገራችን ያለውን ሕመም የማያውቅ ሰው አይፍረድባቸው። ነገር ግን እውነቱ ይወጣል። በቀብር ላይ፣ በውርስ ክርክር፣ በተቆጣ አጎት አፍ፣ ወይም በአንድ የሕክምና ምርመራ ይወጣል። በ20 ዓመቱ ከባዕድ አፍ የሰማ ልጅ የሚያዝነው በጉዲፈቻ ስላደገ አይደለም፤ የሚወዳቸው ሰዎች 20 ዓመት ሙሉ ስለደበቁት ነው። በ3 ወይም በ4 ዓመቱ፣ እንደ ተረት ሆኖ፣ «አንተን ከሌላ እናት ሆድ ነው እግዜር የሰጠን» የተባለ ልጅ ግን መቼ እንደሰማው እንኳ አያስታውስም፤ ሁልጊዜ ሲያውቀው የኖረ ይመስለዋል። እያደገ ሲሄድ ጥያቄው ይበዛል፤ መልሱም በልኩ ይጨመርለታል።

መልስ ለመጨመር ግን መልስ ሊኖር ይገባል። ተጥሎ የተገኘ ልጅ ሲሆን ያገኘው ፖሊስ ጣቢያ፣ ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ ቦታው፣ ለብሶት የነበረው ልብስ፣ አጠገቡ የተገኘ ወረቀት ወይም ክር ሳይቀር መጻፍ አለበት። ወላጆቹ የሚታወቁ ከሆነ ሙሉ ስማቸው እስከ አያት፣ ወረዳቸውና ቀበሌያቸው፣ ቋንቋቸው፣ ሃይማኖታቸው፣ ያለባቸው በሽታ፣ ልጁን የሰጡበት ምክንያት በራሳቸው አነጋገር ሊሰፍር ይገባል። ፎቶግራፍ ቢኖር እጅግ መልካም ነው። እኅትና ወንድም ካለ የት እንዳሉ ይጻፍ።

ወደ ውጭ የሄዱት ልጆች አድገው ሲመለሱ ይህ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው አሳይተውናል። ከአሜሪካ፣ ከስዊድን፣ ከሌላም አገር የመጡ ወጣቶች ከማሳደጊያ ማሳደጊያ እየዞሩ፣ በተርጓሚ እየጠየቁ፣ አንዳንዶቹ በዘረ መል ምርመራ ቤተሰባቸውን ይፈልጋሉ። ቤተሰብ ፍለጋ የሚባል የመረጃ ቋት ሁለቱን ወገን ለማገናኘት ተቋቁሟል፤ ልጁም ይመዘገብበታል፣ ወላጅ እናትም ትመዘገብበታለች። የተገናኙት እናቶች ልጃቸው ይመለሳል ብለው ሲጠብቁ የኖሩ ናቸው። ፋይላቸው ትክክል የተጻፈላቸው ልጆች ቶሎ ያገኛሉ። በፋይላቸው የተሳሳተ የእናት ስም ያለባቸው አንዳንዶች ዓመታት ይፈጅባቸዋል።

ስለዚህ ዛሬ በአገር ውስጥ ልጅ የምትወስዱ ቤተሰቦች፣ ውሉ ከመፈረሙ በፊት የልጁን ፋይል ለማየት ጠይቁ። ባዶ የሆነ ቦታ ካያችሁ «ይህን ማን ያውቃል?» ብላችሁ ማኅበራዊ ሠራተኛዋን አነጋግሩ፤ ሕፃኑን ያገኘው ሰው ወይም ቀድማ ያሳደገችው ሞግዚት ገና እዚያው ሊኖሩ ይችላሉ። የፋይሉን ቅጂና የፍርድ ቤቱን ውሳኔ ከቤታችሁ ካርታና ከጋብቻ ወረቀታችሁ ጋር አስቀምጡ፤ ልጁም ማንበብ ሲጀምር የት እንዳለ ይወቅ።